ዝንጉርጉር የቢላ ብረት በሚሠራበት ሳምንት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ዳር በምንሠራባት ጠባብ የቀጥቃጭ ቤት አንድ ዝንጉርጉር ቢላ ከውዳቂ ብረት ተነሥቶ እጀታው ተገጥሞለት እስኪያልቅ ድረስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ በሙሉ ይወስዳል። ሰኞ ብረቱ ተመርጦ ይጸዳል፤ ማክሰኞ ተደራርቦ በእሳት ይጣበቃል፤ ረቡዕ እየተቆረጠና እየተደረበ ንብርብሩ ይበዛል፤ ሐሙስ የቢላ ቅርጽ ይይዛል፤ ዓርብ ይጠነክራል፣ ይለዝባልም፤ ቅዳሜ ተስሎና አሲድ ውስጥ ተነክሮ ሐረጉ ይወጣል። ሐረግ ያልሁት በብረቱ ላይ የሚታየው የጥቁርና የነጭ መስመር በብራና መጻሕፍት ራስጌ ጸሐፊዎች የሚስሉትን ጥልፍልፍ ጌጥ ስለሚያስታውሰኝ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ብረት «ደማስቆ» ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደናግራል። ጥንት በደማስቆ ስም ዝናው የወጣው ብረት በሕንድና በስሪላንካ በሸክላ ማቅለጫ ቀልጦ፣ ረግቶ የሚገኝ ሲሆን ሥዕሉ ከራሱ ከብረቱ ውስጥ የሚወለድ ነው። እኛ የምንሠራው ግን ሁለት ዓይነት አረብ ብረት ተደራርቦ በእሳትና በመዶሻ የሚዋሐድበትን ነው። ይህኛውን የሰሜን አውሮፓ ሰይፍ ሠሪዎች ከ1,000 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ቢላ ሠሪ ቢል ሞራን በ1973 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ለዕይታ ካቀረበው ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ከዚህ በታች የምገልጻቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ምንጫቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዓይን ሐረጉን ሲመኝ እጅ ስለቱን ይዘነጋል።

ብረትን በመልኩ መምረጥ

ሳምንቱን ገና ከሰኞ የሚያበላሸው ስህተት ሁለቱ ብረቶች በቀለም መለያየታቸውን ብቻ አይቶ መደራረብ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ለግንባታ የሚውለውን ፌሮ ጠፍጥፌ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ጋር አጣበቅሁት፤ ለስላሳው ከጠንካራው ጋር ሲዋሐድ የማይሰበርም፣ የሚቆርጥም ቢላ ይሰጠኛል ብዬ አስቤ ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብረት ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው ካርቦን ሲሆን፣ ይህ ካርቦን በማጣበቂያው ሙቀት ላይ በነበረበት አይቀመጥም፤ ከበዛበት ንብርብር ወዳነሰበት እየተዘዋወረ፣ ንብርብሩ ቀጭን ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ እኩል ይሆናል። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ያህል፣ ፌሮ ደግሞ 0.2 ያህል ካርቦን አላቸው፤ እኩል በእኩል ሲደራረቡ የሚገኘው 0.4 ነው። ይህ መጠን ለመዶሻ ቢበቃ እንጂ ለቢላ ስለት አይበቃም። ቢላው ሲታይ ያማረ ነበርና ለእናቴ ወሰድሁላት፤ ሁለት ሽንኩርት ከተፈችበትና «ልጄ፣ ይኼስ ግድግዳ ላይ ይሰቀል» ብላ መለሰችልኝ።

ስለዚህ ሁለቱም ብረቶች ለየብቻቸው ቢላ መሆን የሚችሉ መሆን አለባቸው። በውጭ አገር ያሉ ቢላ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ 1084 እና 15ኤን20 የተባሉትን ያጣምራሉ። የመጀመሪያው 0.84 ያህል ካርቦን ይዞ አሲድ ሲነካው ይጠቁራል፤ ሁለተኛው 0.75 ያህል ካርቦንና ከመቶ 2 ያህል ኒኬል ስላለው አሲድ አይደፍረውም፣ እንደ ብር ነጥቶ ይቀራል። ካርቦን ሲዘዋወር ኒኬል ግን ከቦታው እምብዛም ስለማይነቃነቅ፣ ብረቱ ደጋግሞ ቢደረብም መስመሩ አይጠፋም። እኔ እነዚህን በስማቸው ጠይቄ በገበያችን አላገኘኋቸውም፤ በምትካቸው ጥርሱ ያለቀ ሞረድና የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች የሚጥሉትን ረጅሙን የመጋዝ ጥቅልል እጠቀማለሁ። ከእነዚህ መጋዞች መካከል ኒኬል ያለባቸው ብዙ ናቸው።

ውዳቂ ብረት ግን ስሙ አልተጻፈበትም፤ ሳይፈትኑ መጠቀም እንደ ዕጣ ማውጣት ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ከብረቱ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ተቆርጣ ደማቅ ቀይ እስክትሆን ትጋልና ውኃ ውስጥ ትነከራለች፤ ከዚያም ሞርሳ ላይ ታስራ በመዶሻ ትመታለች። ተጣጥፋ ከቀረች ካርቦኗ አነስተኛ ነውና ለሌላ ሥራ ትቀመጥ፤ እንደ ብርጭቆ ተሰብራ ስብራቷ እንደ አመድ የላመ ሆኖ ከታየ ለቢላ ትሆናለች። ኒኬል መኖሩን ለማወቅ ደግሞ የሁለቱ ብረቶች ቁራጭ ጎን ለጎን አሲድ ውስጥ ተነክሮ የትኛው እንደጠቆረ፣ የትኛው እንደነጣ ይታያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ዚንክ የተለበጠ ብረት ወደ እሳቱ ፈጽሞ አይግባ። የዚንክ ጢስ በማታው ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳትና የደረት ሕመም ያመጣል፤ ወባ መስሎት መድኃኒት የገዛ ባልደረባም ነበረኝ።

የጸዳ የሚመስለውን ጸድቷል ማለት

የብረት ገጽ ዝገትና ጥቁር ቅርፊት እስካለበት ድረስ ከሌላው ጋር አይዋሐድም፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ብዙዎች የሚስቱት ሞረድን በሚመለከት ነው። የሞረድ ጥርስ ሲታይ ያለቀ ቢመስልም በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ቆሻሻንና የብረት አርን ይዞ ያስቀራል፤ ማክሰኞ የተጣበቀ የመሰለው ብረት ሐሙስ ላይ ሲሳሳ ያ ቦይ እንደ ጥቁር ፀጉር ሆኖ ይገለጣል። ስለዚህ ጥርሱ በግራይንደር እስከ ሥሩ ተነሥቶ ገጹ መስታወት ባይሆንም ነጭ ብረት መሆን አለበት። ከተሳለ በኋላም በቅባታም እጅ አይነካ። እኛ 7 ቅጠል እንደራርባለን፤ 4ቱ የሞረድ፣ 3ቱ የመጋዝ ሲሆኑ ሞረዱ ከላይም ከታችም ይሆናል። ጫፍና ጫፉ በብየዳ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ይያያዛል፤ መያዣ የሚሆን ረጅም ፌሮም በአንዱ በኩል ይበየድለታል። የብየዳው ብረት ለስላሳ ስለሆነ በኋላ በግራይንደር ተቆርጦ መውጣት ይገባዋል፤ ከተረሳ ቢላው ላይ የማይጠነክር፣ የደበዘዘ ሽንቁር መስሎ ይቀራል።

እሳቱን እንደ ቆላ እሳት መቁጠር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ አንድ የአየር መንፊያ በሌላ አገር የሚሰጠውን እሳት እዚህ አይሰጥም። ከስልክ ቪዲዮ ላይ መጠኑን ቀድቶ ምድጃ የሠራ ሰው እሳቱ ለምን እንደማይነጣ ሲጨነቅ አይቻለሁ። መፍትሔው አየሩን መጨመር ነው፤ ነገር ግን አየር ሲጨመር ሌላ ስህተት ይከተላል፤ ነፋሱ ብረቱን በቀጥታ ይመታዋል። በከሰሉ ውስጥ ያላለፈ አየር ኦክስጅኑን እንደያዘ ብረቱ ላይ ይደርስና ቅርፊት ያለብሰዋል። በነፋሱ አፍና በብረቱ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል የተቀጣጠለ ከሰል ሊኖር ይገባል፤ ብረቱም ከላዩ በከሰል መሸፈን አለበት።

የእኛ ከሰል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአዊ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን ግራር በእርሻቸው ላይ ተክለው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጠው ከሰል ያከስሉበታል፤ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። ከሰሉ በሎሚ መጠን ተሰብሮ፣ ድቃቂው ተነፍቶ መግባት አለበት፤ ድቃቂ የነፋሱን መንገድ ይዘጋል። በክረምት በከረጢት ውጭ ያደረ ከሰል ደግሞ ሙቀቱን እርጥበቱን ለማድረቅ ይጨርሰዋል። ዝናብ ሲመጣ በሩን ዘግቶ መሥራት የሚያስከትለውን አደጋ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውም ሳያውቀው ይጥለዋል። ጣራው ላይ ጢስ መውጫ ቢኖርም በሩ ገርበብ ማለት አለበት።

ማክሰኞን ለመብራት ብቻ አደራ መስጠትም አይገባም። ብረቱ ለማጣበቅ በደረሰበት ደቂቃ መብራት ቢጠፋ የኤሌክትሪክ መንፊያው ይቆማል፤ ሙቀቱም ይወርዳል። አሮጌውን የፍየል ቆዳ ወናፍ የጣለ ሰው ያን ቀን ይጸጸታል። እኛ ወናፉን ከምድጃው ጎን እንደተተከለ ትተነዋል፤ ባለፈው ክረምትም ሁለት ጊዜ አውጥቶናል።

ላይ ላዩን አይቶ መምታት

ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ብረት ያባከነብኝ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ብረቱ መጀመሪያ በዝግታ ደም እስኪመስል ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ይወጣና ቦራክስ ይነሰነስበታል። ወርቅና ብር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ይኸው ቦራክስ 743 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ቀልጦም በንብርብሮቹ መካከል እየሰረገ አየር እንዳይገባ ይሸፍናል፣ የተፈጠረውንም ቅርፊት ያሟሟል። ቦራክሱ ከዘገየና ብረቱ አስቀድሞ ብርቱካን መልክ ከያዘ ቅርፊቱ ተፈጥሯል፤ ያን ጊዜ ቦራክስ ማፍሰስ ከሞተ በኋላ መድኃኒት እንደ መፈለግ ነው። አብዝቶ ማፍሰስም ጥቅም የለውም፤ የምድጃውን ወለል ይበላል፤ በመጀመሪያው ምት ጊዜም እየተረጨ ልብስና ቆዳ ያቃጥላል። መነጽርና ወፍራም የቆዳ ሽርጥ የማያደርግ ሰው ከመስፉ አጠገብ መቆም የለበትም።

ከዚያ በኋላ ብረቱ ወደ እሳቱ ተመልሶ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ቀለሙ የነጠረ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ሲሆን ቦራክሱ ገጹ ላይ እንደ ላብ ሲንተከተክ ይታያል። ጀማሪ ይህን ሲያይ አይታገሥም፤ ይጎትትና ይመታል። የድፎ ዳቦ ጀርባው ቀልቶ ሆዱ ሊጥ እንደሚሆን ሁሉ የብረቱም ላዩ ሲበስል መካከሉ ገና ሊሆን ይችላል። ሙያውን ያስተማሩኝን ሽማግሌ አያ እያልሁ ነበር የምጠራቸው፤ እጄ ወደ ጉጠቱ ሲሄድ ባዩ ቁጥር «ቆይ፣ አንተ ልጅ፤ ላዩ ነው እንጂ ሆዱ ጥሬ ነው» ይሉኝ ነበር። እርሳቸው ዝንጉርጉር ቢላ ሠርተው አያውቁም፤ ማረሻና መጥረቢያ፣ ማጭድና ዶማ ነበር ሥራቸው። እሳትን ግን ከእኔ ስልክ ይልቅ ያውቁ ነበር። ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ከሆነ በኋላም ብረቱን እያገላበጡ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ነገር ግን እንደ ከዋክብት የሚፈናጠር ብልጭታ ከታየ ብረቱ መቃጠል ጀምሯል፤ ሞረድ ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ከሌላው ቀድሞ ይቃጠላል፤ የተቃጠለውም ክፍል ተቆርጦ ከመጣል በቀር ሌላ መፍትሔ የለውም።

የመጀመሪያው ምት ኃይል የሚታይበት አይደለም። ቀለል ባለ መዶሻ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ጫፍ፣ ቀልጦ ያለው ቦራክስ በጎን እንዲወጣ መንገድ እየተሰጠው ይመታል። ከጫፍ ወደ መሐል የሚመታ ሰው አሩን በመካከል ይቆልፍበታል። እንደገና ቦራክስ፣ እንደገና እሳት፤ ይህ ሦስት ጊዜ ሳይደጋገም ብረቱን በጎኑ አቁሞ መምታት ንብርብሩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጠዋል። መያዙን የምናውቀው ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጎኑን በማየት ነው። ያልተያያዘ ንብርብር ሙቀት ስለማይደርሰው ከሌላው ቀድሞ ይጠቁራል፤ በጎኑ ላይ ጥላ መስሎ ይታያል። ይህን ጥላ ለማየት ደግሞ ጥሩ ጨለማ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ በተከፈተ መስኮት ፊት የሚሠራ ሰው ብርቱካኑን ቀይ፣ ቢጫውንም ብርቱካን ብሎ ስለሚያነብ ሳያውቅ ብረቱን ያቃጥላል። እኛ መስኮቱን በጆንያ ሸፍነን የማጣበቁን ሥራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት እንጀምራለን።

የአገሩን ቀጥቃጭ አለመጠየቅ

ከላይ ያሉት ነገሮች ብዙዎቹ አዲስ እውቀት አይደሉም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ማረሻውን ያስቀጠቀጠ ሰው ቀጥቃጩን ከጀርባው በክፉ ስም የሚጠራበት ልማድ በገጠር ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ቆይቷል። በዚህ የተነሣ ብዙ እውቀት ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ። ወጣቱ ቢላ ሠሪ ምድጃውን ከውጭ ቪዲዮ ሲቀዳ ከቤቱ 2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉትን ሽማግሌ አይጠይቅም። ይህን ከስህተቶቹ ውስጥ የቆጠርሁት ለጨዋነት ብዬ ሳይሆን በእርግጥ ብረት ስለሚያስከፍል ነው።

የሳምንቱን ቀናት ሳያዩ መጀመር

ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ በምድጃ ፊት መቆም ራስ ያዞራል፤ ራሱ የዞረ ሰውም ቢጫ ብረት መያዝ የለበትም። እኛ የማጣበቁን ዋና ሥራ ማክሰኞ ላይ አድርገን ለረቡዕ የምናስተርፈው በግራይንደር መቁረጥንና አጭር እሳት ብቻ ነው። በዓልም እንዲሁ ይታያል፤ ወሩ በገባ በ12 ወይም በ21 ቀን መዶሻ የማያነሣ ሰው ሥራውን በመካከል ጥሎ ይሄዳል። ገና ያልተዋሐደ ብረት ጠርዙ ክፍት እንደሆነ ሁለት ቀን ካደረ እርጥበት ይገባበትና ውስጡ ይዝጋል፤ ያ ዝገት ከዚያ በኋላ በቦራክስ አይወጣም። ስለዚህ ወይ ጨርሶ ማጣበቅ፣ ወይም ጨርሶ አለመጀመር ነው።

ንብርብርን በምኞት መቁጠር

7 ቅጠል ለሁለት ተቆርጦ ሲደረብ 14 ይሆናል ብሎ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሞረዱ ከላይም ከታችም ስለሆነ ሲደረብ ሞረድ ከሞረድ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ከ7 የሚገኘው 13 ነው፤ ከዚያ 25፣ 49፣ 97 እያለ ይሄዳል። ለአራት ከተቆረጠ ደግሞ ከ7 በአንድ ጊዜ 25፣ ቀጥሎም 97 ይደረሳል፤ የማጣበቂያ እሳት ስለሚቀንስ እኔ ይህን እመርጣለሁ። እያንዳንዱ እሳት ብረት ይበላልና፤ ከ800 ግራም ተነሥቼ ለቢላ የሚሆን 500 ግራም ካተረፍሁ ቀኑ ደኅና ነበር እላለሁ።

ቁጥር ማብዛትም ስህተት ነው። ንብርብሩ ብዙ መቶ ሲሆን መስመሩ ከዓይን ይሰወርና ቢላው ከሩቅ ሲታይ ግራጫ ብቻ ይሆናል። ለኩሽና ቢላ 97 እንኳ ይበዛል የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያው እያዘነበልሁ ነው።

ሐረጉን ማጣመም ለሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ልናገር። አራት ማዕዘን ብረት ከመጠምዘዙ በፊት ማዕዘኑ መበላት አለበት፤ ካልተበላ ሹል ጠርዙ ተጣጥፎ ውስጥ ይቀበራል። የመሰላል መልክ ለማውጣት በግራይንደር የሚቆረጠው ቦይም ጥልቀቱ ከውፍረቱ ሲሶ እንዳያልፍ፣ ግድግዳውም ቀጥ ያለ ሳይሆን የተንጋደደ እንዲሆን ያስፈልጋል። ጠምዘዛም ሆነ መደብደብ ብረቱ ደማቅ ቀይ ከመሆኑ በታች ከቀዘቀዘ ይቁም፤ በቀዘቀዘ ብረት ላይ የሚያርፍ መዶሻ የተጣበቀውን ይገነጥላል።

ከመዶሻ ቀጥታ ወደ ዘይት መሄድ

ብረቱ ለማጣበቅ ደጋግሞ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ስለደረሰ የውስጡ ቅንጣት እንደ ጤፍ ሳይሆን እንደ ማሽላ አብጧል። በዚህ ሁኔታ የተጠናከረ ቢላ መሬት ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ቅንጣቱን የሚመልሰው ከመጠንከሩ በፊት ሦስት ጊዜ ማጋልና በአየር ላይ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው፤ የመጀመሪያው 870 ያህል፣ ቀጣዮቹ እየቀነሱ እስከ 760 ድረስ። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ሆኖም ሐሙስ ማታ ደክሞት «ነገ ልጨርሰው» የሚል ሰው ሁልጊዜ የሚዘለው ይህንኑ ነው።

ለማጠንከር የሚፈለገው ሙቀት ከማጣበቂያው እጅግ ያነሰ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ቢላው ማግኔት ካልሳበው በኋላ ትንሽ ጨምሮ 800 ያህል ሲሆን ይነከራል። በውኃ መንከር የአብዛኛው ጀማሪ ፈተና ነው፤ ማጭድ በውኃ ሲጠና ስላየ ቢላውንም እዚያው ይከተዋል። ካርቦኑ የበዛ፣ ስሱና ንብርብር ያለው ቢላ በውኃ ሲነከር ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማና በስለቱ ላይ ስንጥቅ ይታያል። ዘይት ይሻላል፤ በእኛ አገር የኑግ ዘይት ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀዝቃዛ ዘይት ግን ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም፤ ወደ 50 ወይም 60 ዲግሪ መሞቅ አለበት። በደብረ ማርቆስ ጠዋት የሚረጋው የፓልም ዘይት ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጢሱ መርዛም ነው፤ የወጥ ቤት ቢላም በእርሱ አይነከርም። ቢላው ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ወደ ጎን ቢወዘወዝ ይጣመማል። የዘይቱ ዕቃም ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይሁን፤ እሳት ቢይዝ ውኃ አይደፋበትም፣ ይከደናል እንጂ።

ማለዘቡን ለምጣድ መተው

ከዘይት የወጣ ቢላ ሞረድ ይንሸራተትበታል፤ ይህ መልካም ምልክት ቢሆንም ቢላው ገና እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። በዚያው ሰዓት በ200 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከቀዘቀዘም በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ መለዘብ አለበት። ምድጃ የሌለው ሰው የእንጀራ ምጣድ ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ምጣድ ግን ከታች ብቻ ስለሚያሞቅ የቢላው አንድ ወገን ሰማያዊ ሲሆን ሌላው ገና ነጭ ነው። ሰማያዊ ማለት 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ስለቱ ከሚገባው በላይ ለስልሷል ማለት ነው። እኛ በምጣዱ ላይ አሸዋ የሞላ የላሜራ ሣጥን አስቀምጠን፣ ቢላውን አሸዋው ውስጥ ቀብረን፣ ቴርሞሜትር ሰክተን እንከድነዋለን። ቅዳሜ ሲሳልም ያው ጥንቃቄ ይቀጥላል፤ የግራይንደር ድንጋይ በአንድ አፍታ ስለቱን ሰማያዊ ያደርገዋልና ጣት መያዝ እስኪያቅተው ከሞቀ ውኃ ውስጥ ይነከር።

ሐረጉን በችኮላ ማውጣት

ቢላው በብርጭቆ ወረቀት እስከ 600 ቁጥር ድረስ ካልጸዳ አሲድ ሐረጉን ሳይሆን ጭረቱን ያጎላል። ፌሪክ ክሎራይድ የተባለው ብረት የሚበላ አሲዳማ ፈሳሽ የተገኘ እንደሆነ አንዱ እጅ በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይቀጠናል፤ ቢላው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይወጣና በሶዳ ታጥቦ እንደገና ይገባል። የባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ፤ አይመከርም። ማንኛውም አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውኃ እንጂ ውኃው ወደ አሲድ አይጨመርም።

ጥቁሩን ይበልጥ የሚያጠቁረው ቡና ነው። በጣም የወፈረ፣ የቀዘቀዘ ቡና ውስጥ ቢላው ለሰዓታት ሲያድር ኒኬል የሌለው ንብርብር እንደ ከሰል ይጠቁራል። ኔስካፌ የሚባለው የሚሟሟ ቡና ቅባት ስለሌለው ይመረጣል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ከቤት የተረፈ የጀበና ቡና ወስጄ ቢላውን ነከርሁ፤ ጠዋት ሳወጣው በነጩ መስመር ላይ ሳይቀር የዝገት ነቁጥ ፈስሶበት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ቡናውን በጨው እንዳፈሉት የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እጀታውንና አፎቱን እንደ ትንሽ ነገር ማየት

ያልደረቀ ወይራ በሁለት ወር ውስጥ ይኮማተርና ብረቱ ከእጀታው በላይ ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት በጥላ የደረቀ ይፈለግ። ቢላው ከእጀታው ጋር ከመጣበቁ በፊት ዘይት ከተቀባ ማጣበቂያው አይዝም። ስለቱ ላይ የሚቀባው የምግብ ዘይት ይሁን፤ ሥጋ የቆረጠ፣ ሎሚ የነካ ቢላ ሳይታጠብና ሳይደርቅ አይደር። አፎቱም ለመንገድ እንጂ ለማኖሪያ አይደለም፤ ቆዳው በሚለፋበት ጊዜ የገባበት ጨው በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ለገዢ ስንሰጥ ቢላውን በአንድ እጅ፣ አፎቱን በሌላ እጅ አድርገን ለየብቻ እንሰጣለን።